ራሱን የሳተ ሰው ውስጥ ማን አለ?

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የመልሶቹ ክር በጣም ረዝሟል፤ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይከብደዋል። ስለዚህ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አወራቸዋለሁ። የራሴን አስተያየትም መሃል መሃል ላይ እጨምራለሁ።

መነሻ። ያልኩት ይሄ ነበር። የጥርስ ሕመም እንደ ድንጋይ እውነት ነው። ሐኪሙ ጥርሱን በራጅ ያያል፤ ሕመሙን ግን የሚያውቀው የታመመው ሰው ብቻ ነው። ስለ ዓለም የሚታወቀውን ሁሉ፣ ከአቶም እስከ ከዋክብት፣ ጽፈን ጨረስን እንበል። ሕመሙ እንዴት እንደሚሰማ ካልገባበት ከእውነታው አንድ ነገር ቀርቷል። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን “ከባዱ ችግር” ብሎ ጻፈበት። አንጎል ምን እንደሚሠራ ብናውቅ እንኳ፣ ያ ሥራ ለምን ከውስጥ ሆኖ እንደሚሰማን ገና አልተመለሰም። እና ጥያቄዬ፦ ንቃተ ህሊና ከውጭ የማይታይ እውነታ ከሆነ፣ ራሱን ስቶ የተኛ ሰው ምላሽ ስላልሰጠ ብቻ ውስጡ ማንም የለም ማለት እንችላለን ወይ? እኔ አንችልም ባይ ነኝ። አራት ኪሎ ቡና ይዘን ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር አልቋጭ ስላለን ነው ወደዚህ ያመጣሁት።

መልስ 1። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከአንድ ትልቅ ሰው ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ ጥያቄው ድሮ የተመለሰ ነው አሉ። የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ነው፤ ነፍሱ ደግሞ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ማለትም ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ናት። ስለዚህ ሥጋ ቢደክምም ነፍስ አለች። እኔም በአክብሮት ጠየቅኳቸው፤ ነባቢቷ ነፍስ መናገር ሲሳናት አልጋው አጠገብ የቆምን እኛ በምን እናውቃለን? አስበውበት እንደሚመለሱ ነገሩኝ።

መልስ 2 አጭርና ኮስታራ ነው። ሁሉም ነገር አንጎል ነው ይላል። 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴል እስከሠራ ድረስ አለህ፣ ሲያቆም የለህም፣ ሌላው ተረት ነው።

መልስ 3። ጥቁር አንበሳ ሕክምና የምትማር ልጅ ይህን አረመችው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን ከዚያ ውስጥ ወደ 69 ቢሊዮን የሚጠጋው ያለው ከኋላ በኩል በሚገኘው ትንሹ አንጎል፣ በሴሬቤለም ውስጥ ነው አለች። ሴሬቤለም ሳይኖራቸው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ደግሞ አሉ። መራመድና አጥርቶ መናገር ይቸግራቸዋል እንጂ ያያሉ፣ ይሰማቸዋል፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። ቁም ነገሩ የሴሉ ብዛት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች አብዛኛው ንቃታቸው በጠፋ ነበር። ባለ መልስ 2 ወዲያው፣ ዋናው ብዛቱ ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው ብሎ አስተካከለ። ይሁን። ግን የትኛውም አደረጃጀት ቢሆን ለምን ከውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ አልነገረንም።

መልስ 4። ስድስት ኪሎ ፍልስፍና የተማረ ልጅ፣ ሁሌ ፈረንጅ ብቻ መጥቀስ አይሰለቻችሁም ወይ ብሎ ገባ። የእኛው ፈላስፋ ዘርአ ያዕቆብ ከፈረንሳዊው ፈላስፋ ከዴካርት በፊት ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ፣ እውነትን መመርመሪያው የሰው ልቡና ነው ብሏል አለ።

መልስ 5 ዓመቱን ይዞ መጣ። ሐተታው፣ ማለትም የዘርአ ያዕቆብ ድርሰት፣ ተጻፈ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1667 ነው፤ የዴካርት ዋናው የፍልስፍና ድርሰት የታተመው ግን በ1641 ነው። በዚያ ላይ ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920፣ ሐተታውን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

መልስ 6 በቁጣ ነው የተጻፈው። የእኛ ሲሆን ብቻ ማስረጃ አምጡ ይባላል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክላውድ ሰምነር ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ጽሑፍ ነው፤ እሱ ሐተታው የዘርአ ያዕቆብ ነው ብሎ እየተሟገተ እናንተ ማን ናችሁ ይላል። ባለ መልስ 4ም ተመልሶ፣ ዋሻው ውስጥ ተቀመጠ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1630 እስከ 1632 ስለሆነ ሐሳቡ ከዴካርት ይቀድማል አለ። ከዚያ በኋላ ስድብ ቀረሽ ነገር ተጀመረ፤ እሱን አልተርክም። የእኔ አስተያየት ይሄ ነው፤ ደራሲው ማንም ይሁን፣ ሐተታው የሚጠይቀው ሰው እውነትን ከሐሰት በምን ይለያል የሚለውን ነው። ዝም ብሎ ስለተኛው ሰው አልጠየቀም። የደራሲው ክርክር ደግሞ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 7 ብዙ ላይክ ያገኘው ነው። ሐሳብ ነው ዓለምን የሚፈጥረው ይላል። ኳንተም ፊዚክስ አረጋግጦታል፤ ቅንጣቶች በሁለት ጠባብ ቀዳዳ በሚላኩበት ሙከራ፣ ሰው ሲያይ ቅንጣቷ እንደ ሞገድ መሆኗን ትታ ጠባይዋን ትቀይራለች፤ ስለዚህ ተመልካች ከሌለ እውነታም የለም። ወደ መጨረሻው ላይ፣ የምትፈልገውን ካሰብክ ታገኘዋለህ ወደሚለው ገባ።

መልስ 8። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ ያለ ሰው በትዕግስት መለሰለት። በፊዚክስ መለካት ማለት የሰው ዐይን ማለት አይደለም። ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያም ያው ውጤት ያመጣል። ቪየና ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999፣ 60 የካርቦን አቶም ያለው ሞለኪውል እንደ ሞገድ እንደሚሆን አሳዩ። በ2003 ደግሞ ትንሽ ተለቅ ባለ ሞለኪውል ሲሠሩ፣ አየሩ በተመጠጠለት ዕቃ ውስጥ ጥቂት ጋዝ ለቀቁበት፤ ጋዙ በጨመረ ቁጥር የሞገዱ ምልክት እየደበዘዘ ሄደ። የጋዝ ቅንጣት ዐይን የላትም፣ ህሊናም የላትም። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የፊዚክስ ሊቅ ዩጂን ዊግነር በ1961 ንቃተ ህሊና በመለካቱ ውስጥ ሚና አለው ብሎ ጽፎ ነበር፤ እሱም ቆይቶ ሐሳቡን ትቶታል።

እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በዝምታ ማለፍም አልፈልግም። ንቃተ ህሊና የእውነታ አካል ነው አልኩ እንጂ ፈጣሪው ነው አላልኩም። በሐሳብህ ነው የምትፈጥረው የሚለው ነገር ክፉ ጎን አለው። የታመመን ሰው አስበህ ያመጣኸው ነው ወደማለት ይወስዳል።

መልስ 9። ልጆቿን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይዛ የሄደች እናት ድንቅነሽን አነሳች። አጽሟ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው፣ አንጎሏ የእኛን ሲሶ ገደማ የሚያህለው ድንቅነሽ እግሯን እሾህ ሲወጋት ያማት ነበር ወይ? ካመማት፣ እኔ አሞኛል ብላ ታውቅ ነበር ወይ? ልጇ ነው አሉ የጠየቃት። አንድ ሰው ከሥር፣ ለዕይታ የቀረበው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጽም ሌላ ቦታ ይጠበቃል ብሎ አረመ። የልጁ ጥያቄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። መታመምና መታመምን ማወቅ ሁለት ነገር ናቸው። እኔ የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃል እላለሁ፤ የሚሰማው ካለ፣ ውስጥ ሰው አለ።

መልስ 10። ክሩን የቀየረችው ይቺ እህት ናት። እናቷ በስትሮክ ወድቀው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። አስታማሚ የሚገባው በተወሰነ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በር ላይ ብዙ ሰው የለበሰው አረንጓዴ ጋውን ይሰጣታል፤ ጫማዋ ላይ ላስቲክ ታጠልቃለች፤ እጇን በአልኮል ታሻለች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላ የቤቱን ወሬ ታወራላቸዋለች። ማን ደወለ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ፣ የተቋረጠው ውሃ መጣ ወይስ አልመጣም። እናትየው ዐይናቸው ይገለጣል፣ ግን ማንንም አያይም። አንድ ቀን የመጨረሻ ልጃቸውን ስም ስትጠራ መቆጣጠሪያው ላይ የልብ ምቱ ቁጥር ከፍ አለ። ሌላ ቀን ስትደግመው አልሆነም። አንደኛዋ ነርስ ማናገርሽን እንዳታቆሚ አለቻት። ሐኪሙ ደግሞ አይሰሙሽም፣ ራስሽን አታድክሚ አላት። እናትየው ከዚያ አልጋ ሳይነሱ አረፉ። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከማን ጋር ነበር የማወራው?

መልስ 11 ጨካኝ ነበር። ከራስሽ ጋር ነው ያወራሽው ይላል። የልብ ምት በድምፅም፣ በንክኪም፣ እንዲያው በራሱም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሐኪሙ እውነቱን ነግሮሻል፣ ራስሽን አታታልይ። ሦስት አራት ሰው ተቀባብሎ ወረደበት፤ ለሐዘንተኛ እንዲህ አይባልም፣ አሳዳጊ የለህም ወይ ተባለ። እሱም እውነት ለሐዘንተኛ ተብሎ አይለወጥም ብሎ ጸና።

በአነጋገሩ ተናድጃለሁ፤ መልስ የሚያስፈልገው ግን ክርክሩ ነው። የልብ ምት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ማለቱ ልክ ነው። ማንም የለም ብሎ መደምደሙ ግን ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎል ተመራማሪው ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ በመኪና አደጋ አንጎሏ ስለተጎዳ አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ጽፈዋል። ዐይኗ ይገለጣል፤ ለምንም ትእዛዝ ግን ምላሽ አትሰጥም። የአንጎልን ሥራ በሚያሳየው ኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ አሏት፤ ቀጥሎ ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ክፍል ስትዘዋወሪ አስቢ አሏት። በቴኒሱ ጊዜ አንድ የአንጎሏ ክፍል፣ በቤቱ ጊዜ ደግሞ ሌሎች ክፍሎች ሠሩ፤ ልክ እንደ ጤነኞቹ ሰዎች። ዕረፊ እስክትባል ድረስ ለ30 ሴኮንድ ሐሳቡን ይዛ ቆየች። አልጋው አጠገብ ሆኖ ላያት ሰው ግን ምንም አልነበረም። አንዲት ሴት ብቻ ናት የሚል ካለ፣ በ2024 የታተመ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ ጥናት አለ። በአካል ለትእዛዝ ምላሽ ካልሰጡ 241 ሕሙማን ውስጥ 60ዎቹ፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ በአንጎላቸው ትእዛዙን ይከተሉ ነበር።

እህቴ፣ እናትሽ ሰምተዋል ብዬ ልምልልሽ አልችልም። አልሰሙም ያለሽ ሰው ግን እሱም መማል አይችልም ነበር። ማውራትሽ ትክክል ነበር።

መልስ 12። ሰመመን ሰጪ ባለሙያ ነው፣ እርጋታው ደስ ይላል። እኛ በየቀኑ ሰው እናስተኛለን፣ በየቀኑም እንቀሰቅሳለን አለ። ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ በሽተኛው ቢነቃ እንኳ ጣቱን ማንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚታወቅ አንድ መፈተኛ አለ፤ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት አንዱ ክንድ ደም እንዳያልፍ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ መድኃኒቱ እዚያ እጅ አይደርስም፣ ከዚያ እጄን ጨምቅ ይባላል። ይህ ከሚባሉት በሽተኞች መካከል አንዳንዶቹ ይጨምቃሉ። ሲነቁ ግን ምንም አያስታውሱም። እና እሱ የሚጠይቀው፦ ተሰምቷቸው ረሱት ወይስ መጀመሪያውኑ አልተሰማቸውም? ሌላም ጨመረ። በየሆስፒታሉ የምንጠቀመው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግላስጎው መለኪያ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል፤ የሚቆጥረው የዐይን መገለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን ነው። ምላሽን ይለካል። 3 ያገኘ ሰው ውስጥ ምን እንዳለ አይነግርህም፣ እንዲነግርም አልተሠራም። ከክሩ ሁሉ ይሄን መልስ ነው ያስቀመጥኩት።

መልስ 13 ወደ ፒያሳ ወሰደን። ዶሮ ማነቂያ ያደገ ሰው ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ዐይኔን ስጨፍን ግን ከእናቴ በር ተነስቼ እስከ አስፋልቱ እሄዳለሁ፣ የትኛው ደረጃ እንደተሸረፈ እንኳ አውቃለሁ፣ ታዲያ ያ ሰፈር የለም ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 14፣ 15 እና 16 ከርዕሱ ወጡ። አንዱ ስለ ቁርስ ቤቶቹ አወራ። ሌላው አዲሱ መንገድና መብራት ያምራል አለ፤ የተነሱት ሰዎችስ የሚል መጣ፤ ነገሩ ከረረ። ሦስተኛው ወደ ጉዳያችን እንመለስ ብሎ ለመነ። አንድ ነገር ግን ከዚያ ወሬ ያዝኩ። ባለ መልስ 13 እና ሌላ የሰፈር ልጅ፣ ፀጉር አስተካካዩ በግራ ነው በቀኝ ነበር ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ዐይናቸውን ጨፍነው ጥርት አድርገው ያዩታል። ሁለቱም ግን ልክ ሊሆኑ አይችሉም። አንድ ሰው የድሮ ፎቶ ለጠፈ፤ በቀኝ ነበር። እኔ የምለው ይኸው ነው፤ የሚሰማን ነገር መሰማቱ እውነት ነው፣ ያ ማለት ግን ስለ ውጭው ዓለም ሁሌም ልክ ነን ማለት አይደለም።

መልስ 17 ስለ ውርርዱ ነው። የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1998 ከቻልመርስ ጋር ተወራረደ፤ በ25 ዓመት ውስጥ ንቃተ ህሊና ያለበት የነርቭ ምልክት ጥርት ብሎ ይታወቃል አለ። በ2023 ኒውዮርክ ላይ ተሸነፍኩ ብሎ የተወራረዱበትን ወይን አስረከበ። መልስ ሰጪው በደስታ፣ ሳይንስ እጅ ሰጠ ብሎ ደመደመ።

መልስ 18። ባለ መልስ 2 ለዚህ ብሎ ተመልሶ መጣ። 25 ዓመት ምንም አይደለም፤ ውርርዱ መቼ የሚል እንጂ ይቻላል አይቻልም የሚል አልነበረም አለ። ቃሉ እንደ መጀመሪያው ደረቅ ነው፣ ግን ልክ ብሏል። አንድ ሰው ቀኑን ስላላገኘ ጥያቄው መልስ የለውም ማለት አይቻልም። ምልክቱ ቢገኝ እንኳ ከባዱ ችግር እንዳለ ይቀራል፤ ይህን ስጽፍለት ግን መልስ አልሰጠኝም።

መልስ 19። በስልኳ ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጋር የምታወራ ልጅ፣ እሱስ ይሰማዋል ወይ ብላ ጠየቀች። አዝኛለሁ ስለው ያጽናናኛል አለች። ከመልስ 10 ጋር አብራችሁ እዩት። እዚያ ምላሽ አልነበረም፣ ሰው ግን ሊኖር ይችል ነበር። እዚህ ምላሹ ሞልቷል፤ ያ ብቻውን ግን ከውስጥ የሚሰማ ነገር ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ከብዙ ሚሊዮን ሰዎች ጽሑፍ የማጽናኛ ቃል ተምሯልና። ምላሽን የንቃት መለኪያ ካደረግን በሁለቱም በኩል እንስታለን።

መልስ 20። መልስ 1ን የጻፉት አባታችን እንዳሉት ተመለሱ። ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለባለ መልስ 10 ነው የጻፉት። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር ብለው ጀመሩ። የመጨረሻዋ ትንፋሽ እስክትወጣ ድረስ ነፍስ ተለየች አይባልም፤ ካህን ራሱን የሳተ በሽተኛ ራስጌ ቆሞ የሚጸልየው፣ ስሙንም የሚጠራው ለዚህ ነው አሉ። ሐኪም መሣሪያውን ይጠቀም፣ እኛ ስሙን መጥራት አናቋርጥ። እኔና እሳቸው ስለ ነፍስ የተለያየ ነገር እናምን ይሆናል፤ አልጋው አጠገብ ምን መደረግ አለበት በሚለው ግን አንለያይም።

መልስ 21። ሰመመን ሰጪው እንደገና ጻፈ፤ አሁን ለአስታማሚዎች ነው። አንድ ጊዜ አይቶ አይሰማም ማለት ተገቢ አይደለም፣ ንቃት በቀን ውስጥ ይመጣል ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት፣ ምንም አያውቁም ተብለው ከነበሩት ውስጥ 41 በመቶዎቹ በጥንቃቄ ሲመረመሩ ጥቂት ንቃት እንደነበራቸው አሳይቷል። ስለዚህ በስማቸው ጥሯቸው፤ አንድ ቀላል ነገር ብቻ እዘዙ፤ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ፤ በሌላ ሰዓት ድገሙት፤ ያያችሁትን ከነሰዓቱ ለነርሷ ንገሩ። ዐይናቸው ከተገለጠ መስታወት አሳዩአቸው። ሰው ሌላውን ዕቃ ሁሉ በዐይኑ መከተል ሳይችል የራሱን ፊት የሚከተልበት ጊዜ አለ።

መልስ 22 አጭር ናት። ወንድሟ አሁን ሆስፒታል የተኛባት ልጅ፣ መስታወቱ ምን ያህል መሆን አለበት ብላ ጠየቀች። የእጅ መስታወት ይበቃል ተባለች፤ ከፊቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይዘሽ፣ ቀስ እያልሽ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሽው፤ ፊቱን እንዲያይ በቃልሽም አበረታቺው፤ ከመግባትሽ በፊት ግን ተረኛዋን ነርስ አስፈቅጂ። ነገ ይዛ እንደምትገባ ጽፋለች።